ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ዳገቱን ሲወጣ ባቡር ምን ያህል ጉልበት ይቆጥባል?

ጥያቄ፦ «ሥራዬ ጭነት ማመላለስ ነው። ባቡር ብረት በብረት ላይ ስለሚንከባለል ከመኪና አምስት እጥፍ ያነሰ ጉልበት ይበቃዋል ሲባል እሰማለሁ። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ግን መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ዳገት ደግሞ ብረትና ላስቲክ አይለይም። ታዲያ ያ ቁጠባ እዚህ መስመር ላይ አለ? ሲወርድ ኤሌክትሪክ ይመልሳል የሚባለውስ እውነት ነው?»

ምላሽ፦

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። አምስት እጥፍ የሚባለው ቁጥር ትክክል ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ መንከባለል ተቃውሞ ብቻ ነው። ባቡሩ ከዚያ ሌላ ነፋሱን፣ ኩርባውንና ዳገቱን ማሸነፍ አለበት። በጅቡቲና በሞጆ መካከል ከሁሉም የሚበልጠው ዳገቱ ነው፤ በዚህ ምክንያት አምስት እጥፍ የነበረው ብልጫ ለአንድ ቶን ጭነት ሲሰላ ወደ ሁለት እጥፍ ይወርዳል። ከዚያ በላይ የሚታየው ቁጠባ የሚመጣው ከሞተሩ ነው። ስሌቱን ከነቁጥሩ አስቀምጣለሁ፤ የራስዎን ጭነትና ርቀት ተክተው ሊሠሩት ይችላሉ።

መጀመሪያ የመንከባለል ተቃውሞ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የከባድ መኪና ጎማ መሬት የሚነካው ክፍሉ ይጨፈለቃል፤ ሲነሳ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ለመጨፍለቅ የወጣው ጉልበት ግን ሁሉም አይመለስም፤ ከፊሉ ላስቲኩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከረጅም ጉዞ በኋላ ጎማ የሚግለው ለዚህ ነው። ብረት የሚጨፈለቀው እጅግ ጥቂት ነው። 10 ቶን የተሸከመ የባቡር መንኮራኩር ሐዲዱን የሚነካው የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ፣ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ብቻ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ብረቱ በጥቂቱ ይሰረጉድና የተቀበለውን ጉልበት ከሞላ ጎደል ይመልሳል።

በቁጥር ሲታይ ኩሽኔታው ደህና የሆነ፣ ጭነት ያለው ፉርጎ በቀጥታ ሐዲድ ላይ ለእያንዳንዱ ቶን ከ10 እስከ 15 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) ይጠይቃል። አስፋልት ላይ ያለ ከባድ መኪና ከ50 እስከ 80 ኒውተን ይጠይቃል፤ የጎማው ዓይነት፣ በውስጡ ያለው የአየር ልክና የአስፋልቱ ደህንነት ይለዋውጠዋል። ከዚህ በኋላ ለባቡር 12፣ ለመኪና 60 እይዛለሁ። አምስት እጥፍ የሚባለው ይኸው ነው።

ዳገቱን እንጨምር። በ1,000 ሜትር ርቀት 1 ሜትር የሚወጣ መንገድ እያንዳንዱን ቶን በ9.8 ኒውተን ወደ ኋላ ይስባል። መኪና ላይ ይህ ከ60 ኒውተኑ አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ሾፌሩ አይሰማውም። ባቡር ላይ ግን የመንከባለል ተቃውሞውን በእጥፍ ሊያሳድገው ምንም አይቀረውም። ለዓይን ሜዳ የሚመስል መሬት ለባቡር ዳገት ነው። የባቡር መሐንዲሶች ለድልድይ፣ ለቆረጣና ለዋሻ ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያፈሱት፣ መስመሩንም ዙሪያ ጥምጥም የሚወስዱት ለዚህ ነው። ተቃውሞው ባነሰ ቁጥር ዳገቱ ይበልጥ ይከብዳል።

አሁን ሙሉውን ጉዞ እናስላ። ንጽጽሩ ቀላል እንዲሆን ለባቡሩም ለመኪናውም ርቀቱን 700 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ጠረፍ እስከ ሞጆ ያለውን ከፍታ 1,800 ሜትር አድርጌ ይዣለሁ። ባቡሩ 30 ፉርጎ አለው እንበል። እያንዳንዱ ፉርጎ ባዶውን 22 ቶን ይመዝናል፤ ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር፣ በድምሩ 48 ቶን ተጭኖበታል። የሚጎትቱት እያንዳንዳቸው 138 ቶን የሚመዝኑ፣ 6 አክስል ያላቸው ሁለት ሎኮሞቲቮች ናቸው። ሁሉም ሲደመር 2,376 ቶን ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ጭነቱ 1,440 ቶን ነው። መኪናው ከነተሳቢው 40 ቶን ጭኖ 58 ቶን ይመዝናል። 1,440 ቶኑን ለማንሳት 36 መኪና ያስፈልጋል ማለት ነው።

የባቡሩ የመንከባለል ተቃውሞ 12 ኒውተን፣ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነፋሱና የፉርጎው ውዝዋዜ የሚጨምሩት 8 ኒውተን፣ በድምሩ ለቶን 20 ኒውተን ነው። ይህን በ700 ኪሎ ሜትር ስናባዛ ለእያንዳንዱ ቶን 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 1,800 ሜትሩን መውጣት ደግሞ 4.9 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። ድምሩ 8.8 ነው። ከግማሽ በላዩን ዳገቱ እንደወሰደው ልብ ይበሉ።

መኪናው 60 ኒውተን ለጎማ፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 18.7 ኒውተን ገደማ ለነፋስ ይከፍላል፤ ሁለቱ በኪሎዋት ሰዓት 15.3 ይሆናሉ። ዳገቱ ለእሱም ያው 4.9 ነው። ድምር 20.2። መንገዱ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 3.9 ለ15.3፣ አራት እጥፍ ገደማ በሆነ ነበር፤ ዳገቱ ለሁለቱም እኩል ስለሚደመር ወደ 2.3 ያወርደዋል።

ይህም ቢሆን ገና ያልተጣራ ነው፤ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጠቅላላ ክብደት እንጂ ስለ ጭነት አይደለም። በምሳሌው ባቡር ላይ ጭነቱ ከጠቅላላው ክብደት 61 በመቶ ሲሆን መኪናው ላይ 69 በመቶ ነው። ባቡር ራሱን ተሸክሞ የሚሄደው ክብደት ያነሰ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ኮንቴይነር በሚጫንበት ጊዜ ግን እንዲያውም ይበልጣል። ፉርጎው እስከ 70 ቶን መሸከም እየቻለ 48 ብቻ ስለሚጫንበት ነው። ለአንድ ቶን ጭነት መንኮራኩር ላይ የሚያስፈልገው ጉልበት እንግዲህ ለባቡር 14.5፣ ለመኪና 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሁለት እጥፍ ያልኩት ይህን ነው። ማዳበሪያ ወይም ስንዴ ፉርጎውን እስከ ልኩ ሞልቶ ሲጫን ቁጥሩ ለባቡሩ ይሻላል።

ከዚህ ወዲያ ሞተሩ ይገባል። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ ከወሰደው ጉልበት 85 በመቶ ያህሉን መንኮራኩሩ ላይ ያደርሳል። ከናፍጣው ጉልበት ጎማው ላይ የሚደርሰው 38 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። ስለዚህ ባቡሩ ለመውጣት ከሽቦው ወደ 24,600 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ለቶን ጭነት 17 ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስላለው እያንዳንዱ መኪና ወደ 308 ሊትር ያቃጥላል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 44 ሊትር ነው። 36ቱ መኪኖች በድምሩ 11,000 ሊትር ይሆናል። ከራስዎ መኪኖች መዝገብ ጋር ያስተያዩት፤ የእርስዎ ከ44 በላይ ከሆነ የጎማ አየር ማነስ፣ የመንገድ ሁኔታና መቆም ናቸው የሚያሳድጉት።

ኤሌክትሪኩ ከየት እንደመጣ ማየትም ይገባል። ከድንጋይ ከሰል ቢሆን ኖሮ ጣቢያው ላይ የሚባክነው ሙቀት ይህን ብልጫ በአብዛኛው ይበላው ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ፣ ቀሪውም በአብዛኛው ከነፋስ የሚመነጭ ስለሆነ እዚህ መስመር ላይ ያ ጥያቄ አይነሳም። ከዚህ መስመር በፊት የነበረው አሮጌው የናፍጣ ባቡር ሐዲዱ ብረት ነበር፤ ይህ የሞተር ብልጫ ግን አልነበረውም።

መልሶ ማመንጨት ላይ እንምጣ። ሎኮሞቲቩ ሲወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ፍሬን ይይዛል፤ ያመነጨውን ወደ ሽቦው ይልካል። ይህ እውነት ነው። ምን ያህል እንደሚመልስ የሚወስነው ግን የሚወርደው ክብደት ነው፤ የዚህ ኮሪደር ችግርም እዚህ ላይ ነው። አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ ባቡሩ ከብዶ ይወጣል፣ ቀልሎ ይወርዳል።

የምሳሌያችን ባቡር ባዶ ኮንቴይነሮቹን ይዞ ሲመለስ 1,074 ቶን ይመዝናል። ባዶ ፉርጎ ለነፋስ የሚያጋልጠው ገጽታ ያው ሆኖ ክብደቱ ስለቀነሰ ተቃውሞው ለቶን ወደ 35 ኒውተን ይወጣል። ከሞጆ እስከ ጅቡቲ ያለው አማካይ ቁልቁለት ደግሞ 2.6 በሺህ ነው፤ ለቶን 25 ኒውተን ይገፋል። 25 ከ35 ያንሳል። ስለዚህ ባዶው ባቡር በአንዳንድ ቁልቁለት ላይ ቢያመነጭም ጉዞው ሲጠቃለል ከሽቦው የሚወስደው ይበልጣል። ቡናና ቅባት እህል ሞልቶ የሚወርድ ባቡር ግን ተቃውሞው 20 ኒውተን ስለሆነ፣ መልሶ ማመንጨቱ በደንብ ከሠራ ከሞላ ጎደል በራሱ ክብደት ወደብ ይደርሳል። ለወጪ ንግድ ጭነት ባቡር የሚሰጠው ጥቅም ከገቢው ይልቅ የጎላ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ይህ በበቂ ሁኔታ አልተሠራበትም።

መንገዱ እኩል ተዳፋት አለመሆኑም ለስሌቱ ይጠቅማል። ወደ ላይ የሚመጣው ባቡር ድሬዳዋን አልፎ ሚኤሶ ላይ ወደ 1,350 ሜትር ከወጣ በኋላ አዋሽ ላይ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ወደ አዳማና ሞጆ ይወጣል። ጭነት ይዞ የሚወርድባት ይህች ቁልቁለት ናት። እዚህ ለቶን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትርፍ ጉልበት አለ፤ ለመላው ባቡር ከ1,000 በላይ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ነጂው በኤሌክትሪክ ፍሬን ከያዘ ወደ ሽቦው ይመለሳል፤ በአየር ፍሬን ከያዘ የፍሬን ሸራ አሙቆ ይጠፋል፣ መንኮራኩሩንም ይጎዳል።

የተመለሰው ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ማግኘት አለበት። መስመሩ በ25 ኪሎቮልት ተለዋጭ ጅረት ስለሚሠራ በዚያው ክፍል የሚወጣ ሌላ ባቡር ካለ እሱ ይጠቀምበታል፤ ከሌለ በማከፋፈያ ጣቢያው ትራንስፎርመር በኩል ወደ አገሪቱ መረብ ሊገባ ይችላል። የሚቀበል ሲጠፋ የሽቦው ቮልቴጅ ይወጣል፤ 27.5 ኪሎቮልትን እያለፈ ሲሄድ ሎኮሞቲቩ ራሱ ማመንጨቱን ይቀንስና የአየር ፍሬን ይተካል። ሁለት የኃይል ምንጮች በሚለያዩበት ባዶ የሽቦ ክፍል ላይም ማመንጨት አይቻልም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከዚህ ይለያል፤ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው የሚሄደው። የቀጥተኛ ጅረት ጣቢያ በተራ ሬክቲፋየር (ተለዋጭ ጅረትን ወደ ቀጥተኛ በሚቀይር መሣሪያ) ከሠራ ጅረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያልፍ ፍሬን የያዘው ባቡር ያመነጨውን የሚወስድ ሌላ ባቡር በአቅራቢያው ከሌለ ጉልበቱ በሬዚስተር (ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት በሚቀይር መሣሪያ) ተቃጥሎ ያልቃል።

ብረት በብረት ላይ በቀላሉ መንከባለሉ የሚያስከፍለውም ዋጋ አለ። ተቃውሞው ያነሰበት ምክንያት መንኮራኩሩ ሐዲዱን መጨበጡንም ያሳንሰዋል። 18 በሺህ በሆነ ዳገት ላይ ለቶን 177 ኒውተን ለክብደቱ፣ 20 ኒውተን ለቀሪው፣ በጠቅላላው ለ2,376 ቶን 468 ኪሎ ኒውተን ያስፈልጋል። አንድ 138 ቶን ሎኮሞቲቭ በደረቅ ሐዲድ ክብደቱን በ0.30 አባዝተን 406 ኪሎ ኒውተን ብቻ መሳብ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሞተሩ ቢያመነጭም መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል። ሁለት ሎኮሞቲቭ የያዝኩት ለዚህ ነው። ዝናብ ሲሆን መጨበጡ ወደ 0.20 ይወርዳል፤ ሁለቱ 541 ስለሚስቡ ይወጣሉ። ዘይትና አቧራ በጤዛ ሲርስ ግን 0.15 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁለቱም ተደምረው 406 ብቻ ነው የሚስቡት፣ ባቡሩም ይቆማል። ከመንኮራኩሩ ፊት አሸዋ የሚረጨው መሣሪያ ሥራው እዚህ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ወይም ቱቦው ከተደፈነ ዳገት ላይ ያስቀራል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ ከመነሻ ጣቢያ ሳይወጣ አሸዋው መድረቁና በሁሉም ቱቦ መፍሰሱ ይታይ።

የሚባክነው ጉልበት በተግባር የሚገኘው የት ነው ካሉኝ፣ በመጀመሪያ የማነሳው ያልለቀቀ ፍሬን ነው። አንድ ፉርጎ ላይ ሸራው መንኮራኩሩን እየነካ 5 ኪሎ ኒውተን ብቻ ቢይዝ 400 ቶን ጭነት ከሚጠይቀው የመንከባለል ተቃውሞ ይበልጣል፤ ስድስት የተጫነ ፉርጎ ያለ ጥቅም እንደ መጨመር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያልተፈታ የእጅ ፍሬን፣ የቆሸሸ የአየር ቫልቭ ወይም የታጠፈ የፍሬን ዘንግ ነው። ከመነሳት በፊት ፍሬኑ ተይዞ ከተለቀቀ በኋላ በባቡሩ ግራና ቀኝ ሄዶ በእያንዳንዱ መንኮራኩርና ሸራ መካከል ክፍተት መኖሩን በዓይን ማረጋገጥ ይገባል። መንገድ ላይ ሲቆም ደግሞ የእያንዳንዱ መንኮራኩር ሙቀት በመለኪያ ይወሰድ፤ ከጎረቤቶቹ ለይቶ የጋለ ካለ የያዘው እሱ ነው። ጠርዙ ሳይሆን የአክስሉ ጫፍ ከጋለ ችግሩ ኩሽኔታው ነው፤ ያ ፉርጎ መለየት አለበት፣ መቀጠል የለበትም።

ኩርባ ሌላው ነው። በባቡር ምሕንድስና የሚሠራበት ቀላል መንገድ አለ፤ 600ን በኩርባው ሬዲየስ ያካፍሉ፣ የሚወጣው ቁጥር ኩርባው የሚተካከለውን ዳገት በሺህ ይሰጣል። 600 ሜትር ሬዲየስ 1 በሺህ፣ 300 ሜትር 2 በሺህ ነው። መንኮራኩሩ የሐዲዱን ጎን ስለሚፋቅ ነው። የውጭኛው ሐዲድ ውስጠኛ ጎን ቅባት ሲቀባ ይህ በደንብ ይቀንሳል። ቅባቱ ወደ ሐዲዱ አናት ከወጣ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ቅድም ያነሳሁት መጨበጥ ይጠፋል። በረሃማው የመስመሩ ክፍል አሸዋ ከሐዲዱ ላይ ካልተጠረገም ሐዲዱንም መንኮራኩሩንም ይበላል።

መቆም ሦስተኛው ነው፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምቆጭበትም ይኼ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ለቶን 247 ኪሎጁል የሩጫ ጉልበት ይዟል። ለቶን በ20 ኒውተን ተቃውሞ ያ ጉልበት ሞተር ሳይከፈት ሜዳ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። ነጂው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ወደ ፍጥነቱ ለመመለስ የምሳሌያችን ባቡር ከሽቦው ወደ 190 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ከአዳማ ወዲያ መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ባቡሮች ጣቢያ ላይ ይጠባበቃሉ፤ በዚያ ላይ ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ ይወጣል። የመርሐ ግብር አውጪው የሚተላለፉትን ባቡሮች ቀድሞ ለነጂዎቹ ቢያሳውቅና አንደኛው ከ15 ኪሎ ሜትር ርቀት ሞተሩን ለቆ በራሱ ሩጫ ቢጠጋ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይህን ጉልበት ያተርፋል። ከተቻለ ደግሞ ጭነት ይዞ የሚወጣው ይለፍ፣ ባዶው ይቁም። አጥርና የከብት መተላለፊያ ለእረኛውም ለባቡሩም ይበጃል።

ነፋሱን ለመቀነስ ኮንቴይነሮችን ያለ ክፍተት ማያያዝ ነው። ባዶ ፉርጎዎችን በተጫኑት መካከል መበተን አይገባም፤ ሁሉም ወደ ኋላ ይሁኑ። በ80 ፈንታ በ60 መሄድ የነፋሱን ድርሻ ወደ 56 በመቶ ያወርደዋል፤ ነገር ግን ነጠላ መስመር ላይ ቀርፋፋ ባቡር ሌሎችን ስለሚያስቆም ያተረፈው በሌላ በኩል ይሄዳል። እኔ ፍጥነት መቀነሱን አልመክርም።

ስለ መንገደኛ ባቡር አልጠየቁም፤ ስሌቱ ግን ያው ስለሆነ ባጭሩ ልበል። ባለ መቀመጫ ሰረገላ ወደ 50 ቶን ይመዝናል፣ ከ100 በላይ ሰው ይይዛል። ለመቀመጫ ከ400 ኪሎ በላይ ነው፤ ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ አይቀልም። ሲሞላ ያዋጣል፣ ከግማሽ በታች ሲሆን ዳገቱ ላይ ብልጫው ይሳሳል።

ለሥራዎ የሚሆን አንድ ምክር፦ ባቡርና መኪና ሲያነጻጽሩ «በቶን ኪሎ ሜትር ይህን ያህል» የሚል አንድ አማካይ ቁጥር አይቀበሉ። የመውጫው ለብቻ፣ የመውረጃው ለብቻ ይሰጥዎት፤ በሎኮሞቲቩ ቆጣሪ ላይ የተወሰደውና የተመለሰው ኪሎዋት ሰዓትም ተለይቶ ይጻፍ። ከዚያ የተወሰደውን ደርሶ መልስ ደምረው፣ የተመለሰውን ቀንሰው በሁለቱም አቅጣጫ በተጓጓዘው ንጹሕ ጭነት ያካፍሉ። መኪናውንም እንዲሁ፤ ባዶውን የወረደበት ናፍጣ ሳይቆጠር እንዳይቀር።